ገመድ፣ ችካልና ሮቦት፦ የሜዳ መስመር የሚቀባ ማሽን በአንድ የውድድር ዘመን እንዳየሁት

ሮቦቱ የመጀመሪያውን የጎን መስመር ቀብቶ ሲጨርስ ሜዳው ላይ በደረቴ ተኛሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉንጬን ሣሩ ላይ አስደግፌ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከትኩት። 22 ዓመት ሙሉ በእጄ የቀባሁትን መስመር የምፈትሸው እንዲህ ነው። ቆሞ ለሚያይ ሰው የማይታይ ጉብጠት ለተጋደመ ሰው ወለል ብሎ ይታያል። ነጩ መስመር 105 ሜትር ርቆ የማዕዘኑ ባንዲራ እግር ሥር እስኪደርስ አንድም ቦታ ፈቀቅ አላለም። ተነሥቼ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩና እዚያም ተኛሁ። ያው ነው። ረዳቴ ከሩቅ ሆኖ «ምን ጠፍቶዎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉብጠት እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርኩት።

ይህን ሮቦት ተከራይተን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሠራንበት። በየሁለት ሳምንቱ የእግር ኳስ ሜዳችንን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሩጫ ውድድር ሣር ላይ መም ቀብተንበታል። የአምራቹንም የአከራዩንም ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ማሽን የሚሠሩ ኩባንያዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ አሠራራቸውም በመሠረቱ አንድ ስለሆነ የምናገረው ስለ ማሽኑ ዓይነት ነው። በቅድሚያ ፍርዴን ልስጥ፦ በቀጥታነት ከሮቦቱ ጋር የሚወዳደር የሰው እጅ የለም፣ የእኔንም ጨምሮ። ትክክለኛ ቦታ ላይ ማስመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ዛሬም በሰው እጅ ነው።

የቀድሞውን ሥራ የማያውቅ ሰው ይህን ማሽን ሊመዝነው ስለማይችል ከዚያ ልጀምር። ባዶ ሣር ላይ አዲስ ሜዳ ማውጣት የሁለት ሰዎች የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጀመሪያ አንዱ የጎን መስመር ይወጣል። ቀጥሎ ማዕዘኑን 90 ዲግሪ ለማድረግ ግንበኛም አናጺም የሚያውቀውን የ3፣ 4፣ 5 ዘዴ እንጠቀማለን። ከማዕዘኑ ተነሥተን በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር እንለካለን፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ይሁን እንጂ 4 ሜትር ላይ የተፈጠረ የ1 ሳንቲሜትር ስህተት 68 ሜትር ሲደርስ 17 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ልኩን በ10 አባዝቶ 30፣ 40፣ 50 ሜትር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ገመድ ይወጠራል። ገመድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የናይለን ገመድ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ሣሩ ካደገ ሣሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ባለ ጎማ መቀቢያውን የሚገፋው ሰው ዓይኑን ገመዱ ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አጉብጦ 105 ሜትር ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል።

105 በ68 የሆነ ሜዳ ላይ ያለውን መስመር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ። ዙሪያው 346 ሜትር፣ የመሃል መስመሩ 68፣ ሁለቱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሎች፣ ሁለቱ የግብ ክልሎች፣ የመሃል ክቡ፣ ቅስቶቹ፤ ሁሉም ሲደመር 717 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ወደ 98 ሜትር የሚጠጋው ክብና ቅስት ነው፣ ማለትም ገመድ ወጥሮ የማይወጣ መስመር።

ሥራውን ስጀምር የምናሰምረው በኖራ ነበር። ውሃ የነካው ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ተንሸራቶ ኳስ ለመንጠቅ የሚወድቅ ተጫዋች ጭኑ ሲላጥ በዓይኔ አይቻለሁ። በግራ እጄ ጀርባ ላይ ያለው ጠባሳም የዚያ ዘመን ነው። አሁን የምንጠቀመው በውሃ የሚበጠበጥ፣ ለሣር ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም ነው፤ እኛ የተከራየነው ሮቦትም የሚረጨው እሱን ብቻ ነው።

የጨዋታው ሕግ ስለ መስመር የሚናገረው አጭር ቢሆንም ጥብቅ ነው። ሁሉም መስመሮች እኩል ስፋት ይኖራቸዋል፣ ከ12 ሳንቲሜትርም አይበልጡም። የግብ መስመሩ ስፋት ከቋሚዎቹና ከአግዳሚው ጋር እኩል መሆን አለበት። የእኛ ቋሚዎች 10 ሳንቲሜትር ስለሆኑ ሜዳችን ላይ ያለው መስመር በሙሉ 10 ሳንቲሜትር ነው። በተጨማሪም መስመሩ የሚከልለው ክልል አካል ነው፤ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል መስመር ላይ የተፈጸመ ጥፋት ክልሉ ውስጥ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ኳስ ጎል የሚሆነው ደግሞ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ካለፈ ብቻ ነው። እንግዲህ 3 ሳንቲሜትር የጎበጠ የግብ መስመር ለአንዱ ቡድን ጎል ይሰጣል፣ ከሌላው ይነጥቃል። ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ሮጠው፣ ላባቸውን አፍስሰው የሚመጡት እዚህ ሜዳ ላይ ለመጫወት ነው። ዳኛው የሚፈርደውም እኔ ባሰመርኩት መስመር ነው። ይህን ሳላስብ ቀለም የበጠበጥኩበት ቀን የለም።

ሮቦቱ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ስለ ማሽን እማራለሁ ብዬ ጠብቄ ስለ ራሴ ሜዳ ተማርኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታብሌቱ ላይ የሜዳውን ዓይነትና ልክ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ማሽኑን አንድ ማዕዘን ላይ አቁማችሁ ነጥቡን እንዲመዘግብ ታደርጋላችሁ፤ ሁለተኛውን ማዕዘን እንዲሁ። የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። እኛ በቅርባችን ያለውን የጎን መስመር ሁለት ጫፎች አሳየነውና ቀለም ሳይረጭ በባዶው ሜዳውን እንዲዞር አዘዝነው። የጎን መስመሩን ይዞ ሄደ፤ ጫፉ ላይ ዞረ፤ በግብ መስመሩ በኩል ወደ ማዶ ተሻገረ። ማዶ ሲደርስ ከአሮጌው ማዕዘን 35 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ 35 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ወጣ። ረዳቴ «ገና ሳይሠራ ተበላሸ» አለ። እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር።

ሜትር አመጣን። የአራት ማዕዘን ሜዳ ልክ መሆን የሚታወቀው ከማዕዘን ተነሥቶ እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ በመለካት ነው፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሜዳው ተንጋዷል። 105 በ68 ለሆነ ሜዳ ሁለቱም 125.10 ሜትር መሆን አለባቸው። ሜትራችን 100 ሜትር ብቻ ስለሆነ መሃል ላይ ችካል ተክለን በሁለት ከፍለን ለካን። አንደኛው 125.39 ሆነ። ሁለተኛው 124.80። ዳግመኛ ለካን፣ ያው ሆነ። ሜዳው የተገፋ ሳጥን መስሎ አንድ ጎኑ 35 ሳንቲሜትር ተንሸራቷል። ለካ ማሽኑ ልክ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በየዓመቱ የውድድር ዘመኑ ሲጀምር ሜዳውን የማሰምረው ያለፈውን ዓመት መስመር ተከትዬ ነው። ቀለም የተደጋገመበት ሣር መልኩ ስለሚለይ ምልክቱ ከዓመት ዓመት አይጠፋም። ከእኔ በፊት ሜዳውን ያወጣው ሰው የሠራውን ስህተት 22 ዓመት ሙሉ በታማኝነት ስገለብጠው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእነዚያ ዓመታት ስንት የማዕዘን ምት፣ ስንት ከጨዋታ ውጪ እዚያ በተንጋደደ መስመር እንደተፈረደ አሰብኩ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የግቦቹ ነበር። ግቦቹ የተተከሉት በተንጋደደው የግብ መስመር ላይ ስለሆነ ሜዳው ሲቃና እነሱ ጠማማ ሆነው ቀሩ፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 4 ሳንቲሜትር የማይሞላ መንጋደድ ነው። ሮቦቱ ግብ አያይም። የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ ቋሚው ከመስመሩ ፈቀቅ ብሎ ቢቆምም በጎኑ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራውን ከሌላ በኩል ጀመርነው። የሁለቱን ግቦች መሃል ለክተን ሜዳውን ከዚያ ዘንግ አወጣነው፤ በዚህም እያንዳንዱ ማዕዘን የተንቀሳቀሰው 17 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ሆነ። ከዚያ ቋሚዎቹን ነቅለን የመትከያ ጉድጓዱን አስተካክለን በኮንክሪት እንደገና ተከልናቸው። አድካሚ ሥራ ነበር፣ ግን ዋጋ ነበረው። ሮቦት ለምትከራዩ ሁሉ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ መነሻችሁን ከማዕዘን ሳይሆን ከግብ አድርጉ፤ ከመቀባታችሁም በፊት ሰያፉን በሜትር ለኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ከተሳሳቱ ማሽኑ ያንኑ ስህተት እጅግ ቀጥ ባለ መስመር ያሰምርላችኋል።

ማሽኑ ያለበትን ቦታ እንዴት እንደሚያውቅ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ስለሚስት በእሱ መስመር ማስመር አይታሰብም። ሮቦቱ የሚሠራው ቀያሾች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በሚጠቀሙበት አርቲኬ በሚባል ዘዴ ነው። አንድ መቀበያ ራሱ ሮቦቱ ላይ አለ። ሌላው ሜዳው ዳር ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይተከላል። ሁለቱም የአሜሪካውን ጂፒኤስ፣ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ ሳተላይቶች ይሰማሉ። ዳር የተተከለው ጣቢያ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የሳተላይቱ ምልክት ከሰማይ ሲወርድ የገጠመውን ስህተት ለይቶ እርማቱን በየቅጽበቱ በሬዲዮ ለሮቦቱ ያቀብለዋል። በዚህ ምክንያት ስህተቱ ወደ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ይወርዳል። እርማቱን በሞባይል ኢንተርኔት የሚቀበሉ ማሽኖችም አሉ፤ እነዚያ ጣቢያ መትከል አያስፈልጋቸውም፣ መረብ በሌለበት ሜዳ ግን አይሠሩም።

ከባዱን ጥፋት ያመጣብንም ይኸው ጣቢያ ነው። ማሽኑን ያስረከበን ባለሙያ ሲያሠለጥነን «ሰማይ በደንብ የሚታይበት ማንኛውም ቦታ ይሆናል» ብሎን ነበር። በሁለተኛው ወር፣ በጨዋታ ዋዜማ፣ ረዳቴ ሣር ሲያጭድ መቆሚያውን አነሣው፤ አጭዶ ሲጨርስ ወደ ቦታው መለሰው። በዓይን ግምት ነው የመለሰው፣ ያም ጥፋት መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሮቦቱን ለቀቅነው። ታብሌቱ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ አረንጓዴ ነው። እኔ የግብ መረብ እየጠገንኩ ነበር። ቀና ስል ሁለት የጎን መስመሮች አየሁ። አንዱ የደበዘዘው የቀድሞው፣ ሌላው ገና ውሃው ያልደረቀ አዲስ። ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው በመካከላቸው 14 ሳንቲሜትር አለ፣ አንድም ቦታ አይጠብም፣ አንድም ቦታ አይሰፋም። ጣቢያው 14 ሳንቲሜትር ስለተንቀሳቀሰ የሮቦቱ ዓለም በሙሉ 14 ሳንቲሜትር ተንቀሳቅሷል።

ሮቦቱን ስናቆመው የሜዳውን ግማሽ ጨርሶ ነበር። አሮጌዎቹን ባለ ጎማ መቀቢያዎች አውጥተን የቀድሞውን መስመር በእጅ አደመቅነው፤ አዲሱን በአረንጓዴ ቀለም ሸፈንነው። ዳኛው ደርሶ ጎንበስ ብሎ አየና «የትኛው ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሙያዬ ከዚህ የሚያሳፍር ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ጨዋታው 40 ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። በባለሙያው ላይ ቅሬታዬ እስከ ዛሬ አለ። የነገረን ነገር ለአንድ ቀን ሥራ እውነት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ መስመር ደግሞ ለሚቀባ ሰው ግን ጣቢያው ሁልጊዜ አንድ ነጥብ ላይ መመለስ እንዳለበት መናገር ነበረበት። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደረግን። ጣቢያው የሚቆምበት ቦታ ላይ የብረት ቧንቧ በኮንክሪት ተከልን፤ መቀበያው አሁን እሱ አናት ላይ ይታሰራል፣ ሌላ ቦታ ሊቆም አይችልም። ሁለተኛው፣ ከአንዱ የማዕዘን ባንዲራ አጠገብ ከሣሩ ሥር ዝቅ ብሎ የተቀበረ ብረት አለን፤ ምስክር ችካል እንለዋለን። ሮቦቱ ቀለም ከመርጨቱ በፊት ወደዚያ ነጥብ እንዲሄድ ይታዘዛል። መርጫው ብረቱ አናት ላይ ከቆመ ሥራው ይጀመራል፤ ካልቆመ አይጀመርም። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ይህን ሳናደርግ አንድም ቀን ቀብተን አናውቅም።

በአንዱ ማዕዘን በኩል ትልልቅ ዛፎች አሉን። ቅርንጫፎቹ ሰማዩን ስለሚጋርዱ ሮቦቱ እዚያ ሲደርስ አንዳንዴ ምልክት ያጣል። ሲያጣ ይቆማል፤ ቀለሙን ይዘጋል፤ መብራቱን ያበራል። እኔ ይህን ጠባዩን ወድጄዋለሁ፣ የማያውቀውን አይገምትም። ሳተላይቶቹ በሰማይ ላይ ቦታቸውን ስለሚለዋውጡ ትንሽ ከጠበቁት ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀጥላል። ግንብና ረጅም ጣሪያ የከበበው ሜዳ ያላችሁ ግን ሳትፈትኑ ውል አትፈርሙ፤ ምልክቱ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ መቀበያውን ያሳስተዋል።

ወጣ ገባ መሬትም ይፈትነዋል። መቀበያው ያለው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፤ መርጫው ግን ታች ነው። 80 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለ መቀበያ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ በ3 ዲግሪ ቢያዘነብል አናቱ ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ወደ ጎን ይሄዳል። ማሽኑ ማዘንበሉን የሚያውቅበት መሣሪያ ከሌለው ያንን ሁሉ መስመሩ ላይ ይጽፈዋል። የእኛው ነበረው፣ ቢሆንም ግብ ጠባቂው ሲረግጠው የከረመው የተጎደጎደ ቦታ ላይ መስመሩ በትንሹ ሞገደ። እዚያ ቦታ ላይ አፈር ሞልተን ሣር ዘራን፤ ችግሩ የማሽኑ ሳይሆን የመሬቱ ነበር።

ስለ ቅስቶቹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ሮቦቱ ልቤን ያሸነፈው እዚያ ነው። ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ፊት ለፊት ያለው ቅስት ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ በ9.15 ሜትር ሬዲየስ የሚወጣ ነው። ቁጥሩ እንግዳ የሚሆንበት ሰው ካለ 10 ያርድ ነው፤ 16.5 ሜትሩ 18 ያርድ፣ 11 ሜትሩ 12 ያርድ፣ 5.5 ሜትሩ 6 ያርድ እንደሆነው ሁሉ። በአውሮፓውያኑ 1863 እንግሊዝ ውስጥ የእግር ኳስ ማኅበሩ ሕግ ሲጻፍ ሜዳው የሚለየው በባንዲራ ብቻ ነበር። አሁን የምናውቀው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል በ1902 መጣ፤ ቅስቱ ደግሞ በ1937 ተጨመረ፣ ምቱ ሲመታ ተጫዋቾች ከኳሱ 10 ያርድ መራቃቸውን ዳኛው በቀላሉ እንዲያይ።

በእጅ ሲሠራ ነጥቡ ላይ ችካል ይተከላል፣ 9.15 ሜትር ገመድ ይታሰራል፣ ሰው ገመዱን ይዞ ይዞራል። ገመዱ ሲሳብ ችካሉ ያዘነብላል፤ ቋጠሮው ችካሉ ላይ ሲጠመጠም ገመዱ ያጥራል። ቅስቱ በአንድ በኩል በትክክል ተነሥቶ በሌላው በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ሮቦቱ ሲሠራው አጠገቡ ተንበርክኬ አየሁት። ከክልሉ መስመር መሃል 7.31 ሜትር ላይ ቆመ። መርጫው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የፊት ጎማው ዓይን በማይለየው መጠን እየዞረ፣ የሣሩ ቅጠሎች ከፊቱ አረንጓዴ ከኋላው ነጭ እየሆኑ፣ አንድም ጊዜ ሳያመነታ ማዶ ደረሰ፤ መርጫውም ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ሜትሬን ዘርግቼ ስለካው በሁለቱም በኩል 7.31 ነው። የቀለሙ ጠርዝ እንኳ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል።

አንድ ነገር ግን ፈትሹ። ልኩ የሚቆጠረው ከመስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ነው፣ መርጫው ደግሞ የሚሄደው በመስመሩ መሃል ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላሰበ ሜዳው በየጎኑ በመስመሩ ግማሽ ስፋት ያድጋል። የእኛው በመጀመሪያ ከመሃል ይቆጥር ነበር፤ በታብሌቱ ማስተካከያ ውስጥ አግኝተን ቀየርነው።

ሜዳው በሙሉ ነጥቦቹ ከተመዘገቡ በኋላ በ31 ደቂቃ ያልቃል። ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ ውስጥ ከነበረው የተበጠበጠ ቀለም የሚፈጀው ከግማሽ ትንሽ በለጥ ይላል፤ በባለ ጎማው መቀቢያ ባልዲው ሙሉ አይበቃንም ነበር። ባትሪው ለሁለት ሜዳ ይበቃል። ማሽኑ ከባድ ነው፤ መኪና ላይ ለመጫን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ቀለሙ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በደንብ ያልተበጠበጠ ቀለም መርጫውን ይደፍናል፤ ሲደፈን ማሽኑ አያውቅም፣ ቀለም ሳይወጣ መንገዱን ይቀጥላል። በጨርቅ ማጥለልና ሥራው ባለቀ ቁጥር ማጣሪያውንና ቧንቧውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግዴታ ነው። ጤዛ ያለበት ሣር ላይ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ጠርዙ ይጠፋል። ሣሩ አስቀድሞ ይታጨድ፣ ታጭዶም ይጠረግ። ደግሞም ሮቦቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚረጭ የሣሩ ቅጠል በአንድ ፊቱ ይነጣል፤ ከአንዱ ግብ ሲታይ የደመቀው መስመር ከሌላኛው ግብ ሲታይ አረንጓዴ ይቀላቅላል። ለታላላቅ ጨዋታዎች ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እናስቀባዋለን።

የሩጫው ነገር አጭር ነው። በገመድ 400 ሜትር መም ማውጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ መሮጫ 1.22 ሜትር ስፋት አለው፤ ውጪ ያለው ሯጭ ረጅም ስለሚዞር መነሻው ወደ ፊት ይገፋል። ደረጃውን በጠበቀ መም ላይ ሁለተኛው መሮጫ ከመጀመሪያው 7.04 ሜትር ቀድሞ ይነሣል። ይህን ለስድስት መሮጫ በእጅ ማስላትና ማስመር ሁለት ቀን ይፈጅብን ነበር። ሮቦቱ መነሻዎቹን ጭምር በአንድ ከሰዓት ጨረሰው፤ ልጆቹ በነጋታው ሮጡበት።

ረዳቴ ሥራው ይወሰድብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ዛሬ ታብሌቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ ማሽኑ ሲቀባ እኔና እሱ የተነቀለ ሣር እንተክላለን፣ መረብ እንጠግናለን። ድሮ መስመር ሲውጥብን የነበረው ጊዜ አሁን ሜዳው ራሱ ላይ ይውላል፤ በዚህ ዓመት ግብ ፊት ያለው ሣር እስከ መጨረሻው ጨዋታ አልተመለጠም።

አንድ ሜዳ ብቻ ላላቸው፣ በወር አንዴ ለሚያሰምሩ ሰዎች ሮቦት መግዛት አልመክርም፤ ተከራዩ ወይም ከጎረቤት ሜዳዎች ጋር ተጋሩት። ሦስትና ከዚያ በላይ ሜዳ ለሚይዝ ግን፣ በተለይ በአንድ ሜዳ ላይ የተለያዩ ስፖርቶች ለሚያስተናግድ፣ ሳያመነታ እንዲይዘው እላለሁ። አከራያችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማዘንበልን ያርማል ወይ? ልኩን የሚቆጥረው ከመስመሩ ጠርዝ ነው ወይስ ከመሃል? ጣቢያው ቢንቀሳቀስ በምን አውቃለሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ማሽኑን ሜዳ ላይ ሠርቶበት አያውቅም።

እኛ ውላችንን ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን አድሰናል። ገመዱንና ችካሎቹን ግን አልጣልኳቸውም፤ ታጥበው፣ ተጠቅልለው መጋዘኑ በር አጠገብ ተሰቅለዋል። በየወሩ መጀመሪያ ላይ አወርዳቸውና ከረዳቴ ጋር ሰያፉን እንለካለን። ባለፈው ሳምንት አንዱ 125.10፣ ሌላው 125.09 ነበር።